የቀረ ሁሉ የተጣለ አይደለም

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዶሻ፣ ስለ ፒንሳ፣ ስለ አካፋና ስለ መጋዝ ነው። «ይህ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ይገናኛል።

ባለፈው ክረምት በክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ልጅ ግንባታው ከቆመ ቤት አጠገብ፣ በአሸዋ ውስጥ እስከ ወገቧ የተቀበረች ካሱላና አንድ ውሃ ልክ አግኝቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ካሱላ ማለት ግንበኛ ሲሚንቶ የሚመርግባት እጀታ ያላት ብረት ናት፤ ውሃ ልኩም ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት መሣሪያ ነው። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛው «ሰርቀሃል» አለው። ሌላው «አልሰረቀም፤ ወድቆ ነው ያገኘው፤ ወድቆ የተገኘ ዕቃ ያገኘው ሰው ነው» ብሎ ተሟገተለት። አንዲት ልጅ ደግሞ «እሱ ባይወስደው ሌላ ሰው ይወስደው ነበር» አለች። አራተኛው፣ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ የፈለገ ይመስለኛል፣ «ለቁራሌው ሽጠን እንካፈል» አለና ክፍሉን በሙሉ አሳቀው።

እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቄ ቶሎ ጠፋ። ምክንያቱም እነዚህን ንግግሮች ከልጆች ብቻ አይደለም የምሰማቸው። በገበያም፣ በመናኸሪያም፣ በሰፈርም ጢም ያወጡ ሰዎች እንዲሁ ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የማምንበትን ልጻፍላችሁ ብዬ አሰብሁ። የማምንበትም ይህ ነው፤ ወድቆ ወይም ቀርቶ የተገኘን የሥራ መሣሪያ ማንሣት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ማንሣት ይገባል። ያነሣው ሰው ግን ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ይህ በየትኛውም አገር እውነት ነው፤ በእኛ በጅጅጋና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች ግን የበለጠ እውነት ነው። ለምን እንደ በለጠ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን መሣሪያ ከሌላ ዕቃ በምን እንደሚለይ እንይ። መንገድ ላይ ኳስ የጠፋበት ልጅ ያለቅሳል፤ ሲመሽ ይረሳዋል። መጋዙ የጠፋበት አናጢ ግን በማግሥቱ ሥራ አይገባም። ሥራ ካልገባ የቀን ዋጋው የለም፤ የቀን ዋጋው ከሌለ ማታ በቤቱ እሳት አይነድም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ አንድ የሚያስደንቅ ትእዛዝ አለ። ለሰው ያበደረ ሰው ወፍጮውን ወይም የወፍጮውን መጅ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ይከለከላል። ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ዕቃ የወሰደ ሰው የባለቤቱን ነፍስ እንደ ወሰደ ስለሚቈጠር ነው። ልብ በሉ፤ አበዳሪው ገንዘብ የሚገባው፣ መብት ያለው ሰው ነው። መብት ያለው ሰው እንኳ ሌላው የሚበላበትን መሣሪያ መንካት ካልተፈቀደለት፣ ምንም መብት የሌለን እኛ፣ መንገድ ላይ ያየነው ሰዎች፣ እንዴት እንዲህ በቀላሉ «የእኔ ነው» እንላለን?

አሁን ወደ ቁራሌው እንምጣ፤ ብዙ ልጆች የሚፈተኑት በእርሱ ነውና። ቁራሌው ብረትን የሚገዛው በሚዛን ነው። ለእርሱ ጥሩ መፍቻና የተጣመመ ምስማር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደ ሆኑ ብቻ ነው። ለመካኒኩ ግን ያቺ መፍቻ ክብደቷ ምንም አይደለም። እርሷ ከሌለች የማይፈታ ብሎን አለ፤ ያ ብሎን ካልተፈታ መኪናው አይሠራም፤ መኪናው ካልሠራ የሚከፍለው የለም። እንግዲህ አንድ ልጅ መፍቻዋን ሸጦ የሚያገኘው የአንድ ብስኩት ዋጋ ሲሆን መካኒኩ የሚያጣው የሳምንት እንጀራ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ ካሰብሁት ጀምሮ ትርፉ ማን ዘንድ እንደ ሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሻጩም አልከበረ፣ ባለቤቱም ከሰረ።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ስለ ጠፋ መሣሪያ የተጻፈ ታሪክ አለ። ታሪኩ የተማሪዎች ስለ ሆነ እናንተ በተለይ ልትወዱት ይገባል። ነቢዩ ኤልሳዕ የሚያስተምራቸው ደቀ መዛሙርት የሚኖሩበት ስፍራ ጠበባቸውና እንጨት ቆርጠው ቤት ሊሠሩ ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ። አንዱ ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ወንዙ ውስጥ ገባ። ልጁ ጮኸ። የጮኸውም እንጨቱን መቁረጥ ስላቃተው አልነበረም፤ መጥረቢያው የተዋሰው ስለ ነበረ ነው። ነቢዩም ብረቱ የወደቀበትን ስፍራ አሳዩኝ አለ፤ እንጨት ቆርጦም ጣለበት፤ ብረቱም ተንሳፈፈ፤ ተማሪውም እጁን ዘርግቶ ወሰደው።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ልጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ ብረት እንዴት እንደ ተንሳፈፈ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ብረት ውድ ነበር፤ ድሀ ተማሪ የራሱ መጥረቢያ አልነበረውም። ወንዝ የገባ ብረት ደግሞ ከጠፋ ነገር ሁሉ የበለጠ የጠፋ ነው። «ምን ላድርግ፤ ውኃ ወሰደው» ቢል ማን ይወቅሰዋል? እርሱ ግን ከብረቱ ይልቅ ቤቱ ቁጭ ብሎ መጥረቢያውን የሚጠብቀው ሰው ታየው። አንድ ተአምር ለአንድ ድሀ ሰው መጥረቢያ ሲባል ተደረገ። እግዚአብሔር መሣሪያን እንደ ትንሽ ነገር እንደማያይ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

አሁን ደግሞ አስቸጋሪውን ጥያቄ እንመልከት። በእውነት የተጣለ ዕቃ የለም ወይ? አለ። እጀታው የተሰነጠቀ፣ አፉ የተበላ መዶሻ ከቆሻሻ ጋር ተደፍቶ ብታገኙት ባለቤቱ ጥሎታል ብሎ ማሰብ ስሕተት አይደለም። ሕጉም ቢሆን ባለቤት የሌለውን ዕቃና ባለቤቱ የጠፋበትን ዕቃ አንድ አያደርግም። ችግሩ የተጣለውና የቀረው ዕቃ ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ? ዕቃም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ የጣለው አካፋና ባለቤቱ ለምሳ ሄዶ የተወው አካፋ ሁለቱም መሬት ላይ ተጋድመው ነው የሚገኙት።

ስለዚህ ማየት ያስፈልጋል። ዕቃው ለብቻው ነው ወይስ ከጓደኞቹ ጋር? መሮና መላጊያ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ከተገኙ የጠቀለላቸው እጅ ተመልሶ ሊፈታቸው አስቦ ነበር። ዝናብ በማይነካው ጥግ የተቀመጠ ዕቃ የተጣለ አይደለም፤ የሚጥለውን ነገር ከዝናብ የሚያስጠልል ሰው የለም። በጥግ ላይ የተሰካ፣ በድንጋይ የተሸፈነ፣ ዘይት የተቀባ፣ እጀታው በሽቦ የተጠገነ ከሆነም ባለቤቱ ይወደዋል ማለት ነው። ክፍላችን የተከራከረባት ካሱላ የቆመ ግንባታ አጠገብ ነበረች። ግንባታ የሚቆመው ሲሚንቶ ሲያልቅ፣ ገንዘብ ሲያጥር ወይም ግንበኛው ሲታመም ነው። ሦስቱም ያልፋሉ።

ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ የማርዳን ዳገት ታውቁታላችሁ። ካራማራ ተራራ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ ጎማው ይፈነዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ወርደው ይቀይራሉ፤ ከኋላ ሌላ መኪና ይነፋባቸዋል፤ ሲጣደፉ ክሪኩን ወይም የጎማ መፍቻውን ጥለው ይሄዳሉ። ያ ዕቃ ሜዳ ላይ ያለ ጌታ የሌለው ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን መንገዱ ከድሬዳዋ በሐረርና በጅጅጋ በኩል እስከ ቶጎ ውጫሌ የሚሄድ አንድ መንገድ ነው፤ ያ ሾፌር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በዚያው ያልፋል። መናኸሪያ ሄዶ ለአንድ ተራ አስከባሪ መንገር ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ በእኛ አገር ይህ ነገር ለምን እንደሚከብድ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበርና።

አያቶቻችሁን ጠይቁ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ያዘ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወይም ሳይዘጋ ሸሸ። በየካቲት 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በካራማራ ድል አድርጎ ከተማዋን ሲያስመልስ ደግሞ በተራው ብዙ የሶማሌ ቤተ ሰብ ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተነሣና የሐርጌሳ ሰዎች በእግራቸው ወደ እኛ መጡ። በዚያን ጊዜ የተቋቋመው የሐርትሼክ መጠለያ ከ250,000 በላይ ስደተኞችን የያዘ፣ በአንድ ወቅት ከዓለም መጠለያዎች ሁሉ ትልቁ ነበረ፤ ስደተኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ በ2009 መጨረሻና በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከሶማሌው ወገን ብዙዎቹ በባቢሌ አካባቢ ቆሎጂ በሚባለው ስፍራ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በጅጅጋ ሁከት ተነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተገደሉ፤ ሱቆችና ቤቶች ተዘረፉ። ብዙ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠለለ፤ ብዙውም ከተማውን ለቅቆ ሄደ።

ልጆች፣ ይህን የዘረዘርሁት ላስፈራችሁ አይደለም። እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ሰው ሲሸሽ ምን ይይዛል? ሕፃኑን ያዝላል፤ አሮጊት እናቱን ይደግፋል፤ ከቻለ ትንሽ ገንዘብና ወረቀቱን በኪሱ ይከታል። የልብስ ስፌት መኪና በጀርባ አይሸከሙም። የብየዳ ማሽን ታቅፈው አይሮጡም። የአናጢ መላጊያ፣ የብረት ሠራተኛ መዶሻ፣ የገበሬ ዶማ ቤት ይቀራል። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ መካከል መሣሪያውን የጣለ አንድ ሰው አለ? አንድም የለም። ሁሉም ተዉት፤ ማንም አልጣለውም። በጎረቤቶቻችን ዘንድ፣ በኦሮሞውም፣ በሶማሌውም፣ በአማራውም፣ በጉራጌውም ቤት ይህ የደረሰበት ሰው ሞልቷል። በዚህ ምድር ላይ የሚኖር ሰው ሄዶ መመለስን ያውቃል። ዛሬ «ባለቤቱ ላይመለስ ሄዷል» የምንለው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ በር ያንኳኳል።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ አበው። ጎረቤት ሲወድቅ ምሳር ይዞ መምጣት አንድ ነገር ነው፤ ራሱን ምሳሩን መውሰድ ደግሞ ሌላ ነው። ምሳሩ የተወሰደበት ሰው ቢመለስ እንኳ ተነሥቶ መቆም አይችልም። የተቃጠለ ቤት መሣሪያው ያለው ሰው ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። «ዕቃው የክፉ ሰው ቢሆንስ? እኛን የበደለ፣ ወይም የበደለን ሰው ዘመድ ቢሆንስ?» ትላላችሁ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ የጠፋ በሬ ወይም አህያ መንገድ ላይ ስላገኘ ሰው ተጽፏል፤ እንዲመልስለት የታዘዘው ለጠላቱ ነው። ቃሉ በግልጽ ጠላት ይላል። ለወዳጅ መመለስማ ማንም የሚያደርገው ስለ ሆነ መጻፍም ባላስፈለገው ነበር። ይህን የምጽፈው ቀላል ነው ብዬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አባቱን ወይም ቤቱን ያጣ ልጅ ይህን ገጽ ሊያነብ እንደሚችል አስቤ ነው የጻፍሁት። ያም ሆኖ ሌላ አልጽፍም። የጎረቤቱን መዶሻ ከፍርስራሽ ውስጥ አንሥቶ በእጁ የሚያስረክብ ልጅ፣ ጎረቤቱ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ በዚያች ሰዓት ለከተማው የሚያደርገው ነገር እኛ በስብሰባ ከምንናገረው ብዙ ቃል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ደግሞ «አልነካም፤ አላየሁም» የሚለው ነው። ይህ ጨዋነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምን የጠፋ ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይከለክላል፤ ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም የማይታወቅ ከሆነ ወደ ቤት አስገብቶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ማቆየትን ያዝዛል። ዝናብ ላይ የተተወ መጋዝ በአንድ ክረምት ዝጎ ያልቃል። ጥሎት ያለፈ ልጅ አልሰረቀም፤ ነገር ግን አልረዳምም።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። የማታውቁትን ብረት በፍጹም አትንኩ። በሜዳ፣ በአሮጌ ምሽግ አጠገብ፣ በካራማራ ግርጌ ወይም በድንበሩ አካባቢ የምታገኙት ክብ ወይም ሞላላ ብረት፣ ሽቦ የወጣበት ቆርቆሮ፣ ጥይት የሚመስል ነገር ከጦርነት የቀረ ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ፈንጂ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ቢቆይም አይሞትም። ድንጋይ አትወርውሩበት፤ በእንጨት አትነካኩት፤ ለቁራሌ ልሽጠው ብላችሁ አታንሡት። በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለትልቅ ሰውና ለፖሊስ ንገሩ። የሚነሣ ዕቃ መዶሻ መሆኑን፣ መፍቻ መሆኑን የምታውቁት ብቻ ነው።

ካነሣችሁ በኋላስ? ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ወላጆቻችሁም ለዕድሩ ዳኛ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ያሳውቃሉ። ከቅዳሴ በኋላም በዐውደ ምሕረት ማስነገር የቆየ ልማዳችን ነው። ሲነገር ግን ሁሉም ነገር አይዘረዘርም። «መዶሻ ተገኝቷል» ይባላል እንጂ «እጀታው ላይ ቀይ ቀለም ያለበት መዶሻ ተገኝቷል» አይባልም። ቀዩን ቀለም ባለቤቱ ራሱ ይናገር። ሠራተኛ ሰው መሣሪያውን ምልክት ያደርግበታል፤ በጋለ ብረት እጀታውን ይተኩሳል፤ የስሙን መጀመሪያ ይቀርጻል፤ ሽቦ ወይም ላስቲክ ይጠመጥማል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን በዚህ ከእኛ ይበልጣሉ። ግመሎቻቸውን ሱማድ በሚሉት ምልክት ይተኩሳሉ፤ የጠፋ ከብት ባዲ ይባላል፤ ባዲ ያገኘ ሰው ይይዘዋል፤ ምልክቱን የተናገረ ባለቤት ይወስደዋል። ሰፈራችሁ ያሉትን «አዴር» ብላችሁ የምትጠሯቸውን አንድ ሽማግሌ ብትጠይቋቸው ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ የተገኘ ዕቃ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲታወጅ የሚያዝ ሥርዓት አለ። አንድ ዓመት! እኛ አንድ ሳምንት ከጠበቅን በኋላ «ማንም አልመጣም» የምንል ሰዎች ልናፍር ይገባናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ባለቤቱ ዕቃው የት እንዳለ ሳያውቅ ቢቀር መብቱን የሚያጣው ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ከእናንተ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ይቃረባል። ሕጉ ረጅም ጊዜ የሰጠው ሰው ሩቅ አገር ሄዶ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

እስከዚያ ድረስ በመሣሪያው መሥራት ይቻላል ወይ? ይህን የጠየቀኝ በክፍላችን ዝም ከሚሉት ልጆች አንዱ ነው፤ ጥያቄውም ጥሩ ነው። እኔ እንዲህ አስባለሁ። ዝገቱን መጥረግ፣ ዘይት መቀባት፣ የላላ እጀታ ማጥበቅ ጥበቃ ነው። አካፋ ለአንድ ቀን ጉድጓድ ቢቈፍር አያልቅም። መጋዝና መሮ ግን ሲሠራባቸው ያልቃሉ፤ ጥርሱ የተበላ መጋዝ ማስረከብ ግማሽ መጋዝ ማስረከብ ነው። እንግዲህ ዕቃውን ስትመልሱ ባለቤቱ ካስቀመጠው የባሰ ሆኖ እንዳያገኘው አድርጉ። ተሽሎ ቢያገኘውማ ደስታው እጥፍ ነው።

በመካከል አንድ ነገር ላንሣ፤ በክፍል ጓደኛቸውን «ሰርቀሃል» ያሉትን ልጆች ይመለከታል። በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 2 ጦቢት ዓይኑ በታወረ ጊዜ ሚስቱ ሐና ለሰው እየሠራች ታኖረው ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ጨመሩላት። ጦቢት የጠቦቱን ጩኸት ሲሰማ የተሰረቀ እንዳይሆን ፈርቶ ለባለቤቱ መልሺ አላት፤ ስጦታ ነው ብትለውም አላመናትም፤ እርሷም አዘነች። ጦቢት ስለ ሰው ገንዘብ መጠንቀቁ መልካም ነበር። ነገር ግን ስጦታው እውነተኛ ስጦታ ነበር። በጓደኛችሁ እጅ አዲስ ዕቃ ስታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ካሱላዋን ያነሣው ልጅ ሌባ አልነበረም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም፤ ይኸው ነው።

ባለቤቱ አንድ ሰው ያልሆነ ዕቃስ? በሺኒሌ፣ በኤረር፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ የምትኖሩ ልጆች ይህን ከእኛ ከጅጅጋዎቹ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ አሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ በደጃችሁ ያልፋልና። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ይህ ሐዲድ ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ሲቋረጥ፣ ሲቀጥል ኖሯል። አዲሱ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህማ «አሮጌው ተረስቷል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቆሞ የሚውል ጣቢያ፣ ብሎኑ የላላ ሐዲድ፣ የሠራተኞች መፍቻ የቀረበት መጋዘን ባለቤት የሌለው ይመስላል። ባለቤቱ ግን ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም አንዱ እናንተ ናችሁ። የራሳችሁን ዕቃ ለቁራሌ በኪሎ የምትሸጡ ከሆነ ሌላ ነገር ነው! በድሬዳዋ ያለው የባቡር ጥገና ክፍል የድሮዎቹን ማሽኖች እስከ ዛሬ ይዟቸዋል፤ ዕድሉ ካጋጠማችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ የጠበቃቸው ሰው ስላለ ነው የምታዩዋቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ይቀረናል። ተነገረ፣ ተጠበቀ፣ ዓመታት አለፉ፣ ማንም አልመጣም። ምን ይደረግ? እኔ ብጠየቅ ከሣጥን ውስጥ ዝጎ ከሚያልቅ ሥራ ለሚጀምር፣ መሣሪያ መግዣ ለሌለው አንድ ወጣት ይሰጥ እላለሁ። አናጢነት ለሚማር ልጅ መላጊያ፣ ግንበኛ ረዳት ሆኖ ለሚውል ልጅ ካሱላ ይሰጠው። ሲሰጠውም ከማን እንደ ተገኘ፣ የት እንደ ተገኘ ይነገረው። በእጀታው ላይ ያለውን ምልክት ግን አይፋቀው፤ ፊደል ካለበት ፊደሉ፣ ቀለም ካለበት ቀለሙ እንዳለ ይቆይ። ጅጅጋ ናትና አንድ ቀን አንድ ሰው በሥራው ቦታ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ይህቺን መላጊያ የት አገኘሃት፣ ልጄ?» ሊለው ይችላል።